ጦርነት፣ ስያሜና የአገር ታማኝነት፦ ከካፋ የሚታይ ንጽጽር

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማትርቀው ማንኪራ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት የተኩስ ድምፅ አልተሰማም። ልጆቻቸው በሠራዊቱ ውስጥ ከነበሩ ቤተሰቦች በቀር፣ ከግንባሩ ርቆ ለሚኖር ዜጋ ጦርነቱ አስቀድሞ የደረሰው በስያሜ መልክ ነው፦ በአንድ ወገን «ጁንታ»፣ «ሕግ ማስከበር»፤ በሌላው ወገን «ፋሺስት»፣ «ወራሪ»፤ በሁለቱም ዘንድ «ባንዳ»። ስያሜዎቹ ስድብ ብቻ አልነበሩም። ስለ ጦርነቱ የሚቀርብን ጥያቄ ስለ ጠያቂው ማንነት ወደሚነሳ ጥያቄ የሚለውጡ መሣሪያዎች ነበሩ።

«ባንዳ» በጣልያንኛ ቡድን ወይም ጭፍራ ማለት ነው። ቅኝ ገዥው ጦር ከአገሬው ሰው የመለመላቸውን ኢመደበኛ ተዋጊዎች በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ቃሉ የ«አርበኛ» ተቃራኒ ሆነ፤ ፍቺውም በአንጻራዊነት ጠባብ ነበር፦ ለውጭ ወራሪ ያደረ ሰው። ከሰማንያ ዓመታት በኋላ ግን ቃሉ ሁለት ጌታ አገኘ። ጦርነቱን የሚቃወም ወይም ለውጭ መገናኛ ብዙኃን የሚናገር ሰው በዚህ ስም ተጠራ፤ በትግራይ ደግሞ ከጊዜያዊ አስተዳደሩ ጋር የሠራ ተወላጅ በዚሁ ስም ተወገዘ።

የስያሜውን አሠራር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኤርትራ ሠራዊት ጉዳይ ነው። የሠራዊቱ በትግራይ መኖር ለወራት ሲስተባበል ቆየ። የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በመቋረጡ ማጣራትም አዳጋች ነበር። ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው የጠላትን ወሬ የሚያራግብ ተደርጎ ይታይ ነበር። መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኤርትራ ወታደሮች ድንበር መሻገራቸውን ተናገሩ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ፍሬ ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው። ታማኝነት የሚለካው በንግግሩ እውነትነት ሳይሆን ንግግሩ ከማን አፍ በመውጣቱ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ጦርነት መካከል ካፋ የተለየ ምሳሌ ትሰጣለች። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋና የአጎራባች ዞኖች ነዋሪዎች የራሳቸውን ክልል ለመመሥረት በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጡ። ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቶ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በቦንጋ በይፋ ተመሠረተ። አገር በጦርነት ላይ ሳለች ድምፅ የተሰጠበት የራስ አስተዳደር ጥያቄ በክህደት አልተቆጠረም። ታማኝነትን ከታሪክ ቁስል ለመተንበይ የሚሻ ሰው ግን ሌላ ነገር በጠበቀ ነበር፤ የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ የፈረሰ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም የተማረኩበት ነውና።

ልዩነቱ በመሠረቱ የሥርዓት ነበር። የካፋ ጥያቄ በፌዴሬሽን ምክር ቤትና በምርጫ ቦርድ በኩል አለፈ፤ ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ያካሄደችውን ምርጫ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውድቅ አድርጎታል። አገራዊው ምርጫ በወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም አንድ ክልል የራሱን ማካሄድ ይችላልን? ይህ የሕግ ባለሙያዎች በሁለቱም በኩል ሊሟገቱበት የሚችል ጥያቄ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሙግቱ በ«ጁንታ» እና በ«ፋሺስት» ተዋጠ፤ ምርጫው ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የማን ወገን እንደሆነ እንዲናገር ይገደድ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ተዋዋዮቹ ሊያቆሟቸው ከተስማሙባቸው የጠብ ድርጊቶች መካከል የአየር ድብደባን፣ ፈንጂ መቅበርን፣ የጠላትነት ፕሮፓጋንዳንና የጥላቻ ንግግርን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ዘርዝሯል።