የልጆቻችን የእንቁጣጣሽ ሥዕል

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ መላእክትን፣ ፀሐይንና አደይ አበባን በወረቀት ሥለው መስከረም 1 ቀን ለዘመድና ለጎረቤት ማበርከታቸው የቆየ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ከሱቅ ተገዝቶ ሲታደል እናያለን። ንጹሕ ነው፤ የልጁ እጅ ግን የለበትም።

ልጁ ሲሥል እርሳሱን ተቀብለው የሚያርሙ ወላጆችም አሉ። የመልአኩ አንዱ ክንፍ ከሌላው ቢረዝም ምን ይጎዳል? በቤተ ክርስቲያን የሚሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ሥርዓት አለው፤ ይህ ግን የሕፃን የበዓል ስጦታ ነው። ደጋግሞ የታረመ ልጅ በመጨረሻ «አባባ፣ አንተ ሣልልኝ» ብሎ ወረቀቱን ያስረክባል።

እንግዲህ፣ ወላጆች ሆይ፣ በጳጉሜን ወረቀትና ቀለም እናቅርብላቸው እንጂ ምን እንደሚሥሉ አንዘዛቸው። ልጁ ሥዕሉን ይዞ ሲመጣም «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «እስቲ ስለ ሥዕልህ አጫውተን» ብንል ይበጃል። ብሩም ቀደም ብሎ ይዘርዘር፤ የጎረቤት ልጆች ብዙ ናቸው።