የአፈሙዝ ፍሬንና የሞመንተም ትምህርት

በፊዚክስ ትምህርት የሞመንተምን ጥበቃ ሕግ ለማስረዳት ከሚቀርቡት ምሳሌዎች ሁሉ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ የመግፋቱን ያህል የተለመደ የለም ለማለት ይቻላል። ምሳሌው ለተማሪው ቅርብ ነው፤ በተለይም በገጠር ያደገ ልጅ ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ እንደሚመታ ክፍል ሳይገባ ያውቀዋል። ሆኖም ጥያቄው በተለመደው መልኩ ሲቀርብ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም ባሩዱ ነው። የጎደለውን ለማየት ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በአንዳንድ ጠመንጃዎች ጫፍ ላይ የሚገጠመውን፣ የአፈሙዝ ፍሬን ልንለው የምንችለውን ትንሽ ብረት አሠራር መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የተለመደውን ስሌት እንመልከት። 7.62 በ51 ሚሊሜትር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ 4 ኪሎግራም የሚመዝን ጠመንጃ እንውሰድ። ከአፈሙዙ የሚወጣው ዓረር 9.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 840 ሜትር ገደማ ነው። የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ብዜት፣ ማለትም ሞመንተሙ፣ 8 ኪሎግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ከመተኮሱ በፊት ሁሉም ነገር የቆመ ስለ ነበረ፣ ዓረሩ ወደ ፊት ያገኘውን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ ማግኘት አለበት። 8ን ለ4 ስናካፍል የጠመንጃው ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜትር፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም 8 ጁል ሆኖ እናገኘዋለን። መምህሩም መልሱን አርሞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ነገር ግን እውነተኛው ጠመንጃ የሚገፋው ከዚህ እጅግ አብልጦ ነው። በቀለሁ ውስጥ የነበረው 3 ግራም ያህል ባሩድ ተቃጥሎ ወደ ጋዝ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ መጠነ ቁሱ እንዳለ ነው። ይህ ጋዝ ዓረሩን ተከትሎ ሲወጣ ግፊቱ ገና ከፍተኛ በመሆኑ ከዓረሩ በበለጠ ፍጥነት ይወረወራል። አማካይ ፍጥነቱን በሴኮንድ 1,200 ሜትር ብንወስድ (ለእንዲህ ያለ ስሌት የሚወሰደው መጠን ከዚህ ብዙም አይርቅም) የጋዙ ሞመንተም 3.6 ይሆናል። በመሆኑም ጠመንጃው የሚቀበለው 8 ሳይሆን 11.6 ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 2.9 ሜትር ይደርሳል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም ወደ 17 ጁል ይጠጋል። ሦስት ግራም ባሩድ መዘንጋቱ የጉልበቱን መልስ ከግማሽ በታች አወረደው ማለት ነው።

የአፈሙዝ ፍሬን የሚሠራው እንግዲህ በዚህ በጋዙ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። ፍሬኑ በጠመንጃው ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ሲሆን፣ በውስጡ ዓረሩን ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያለችው አንድ ወይም ከአንድ በላይ ግድግዳ፣ በግራና በቀኙም መስኮቶች አሉት። ዓረሩ በቀዳዳዋ ሳይነካ ያልፋል። ከኋላው የሚመጣው ጋዝ ግን ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ግድግዳውን ይመታና በመስኮቶቹ ወደ ጎን ይወጣል። ግድግዳውን በሚመታበት ጊዜ ፍሬኑን፣ ከፍሬኑም ጋር ጠመንጃውን ወደ ፊት ይስበዋል። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ፍሬን የሚለውን ስም ሰምተው ዓረሩን የሚያዘገይ መሣሪያ ይመስላቸዋል፤ የሚገታው ግን ጠመንጃውን ነው።

አሁን ወደ ስሌታችን እንመለስ። ጋዙ በሙሉ ወደ ጎን ቢዞርና ወደ ፊት የሚሄድ አንዳች ባይቀር፣ ለጠመንጃው የሚተርፈው የዓረሩ ድርሻ፣ ማለትም 8 ብቻ ነው። ይህም በመጽሐፉ ያገኘነው መልስ ራሱ ነው! የመማሪያ መጽሐፉ ጠመንጃ ሳይታወቀው ፍጹም ፍሬን የተገጠመለት ጠመንጃ ሆኖ ቆይቷል። በእውነተኛው ፍሬን ውስጥ የጋዙ ከፊል ዓረሩን ተከትሎ ያመልጣል። ፍሬኑ የጋዙን ድርሻ በግማሽ ቢቀንስ የጠመንጃው ሞመንተም 9.8፣ ጉልበቱም 12 ጁል ያህል ይሆናል። ጋዙን ከጎን አልፎ ወደ ኋላ የሚመልሱ ፍሬኖች ከዚህ የበለጠ ይሠራሉ። ባሩዱ ከዓረሩ ጋር ሲነጻጸር በበዛ መጠን የፍሬኑ ጥቅም ያድጋል፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣው ባሬት የተባለው 12.7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ትልቅ የቀስት ጫፍ የመሰለ ፍሬን የተሸከመውም ስለዚህ ነው። ባሩዱ ጥቂት የሆነ ሽጉጥ ግን ከፍሬን የሚያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአፈሙዙ ወደ ላይ መነሣት ነው። በብዙ ጠመንጃዎች ግፊያው የሚመጣበት መስመር ሰደፉ ትከሻ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ከፍ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ግፊያው ጠመንጃውን ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን እንደ ማንሻ ወደ ላይ ያዞረዋል፤ በተከታታይ ሲተኮስም ዒላማው ይጠፋል። መፍትሔው ከጋዙ ጥቂቱን ወደ ላይ መልቀቅ ነው፤ ጋዙ ሽቅብ ሲወጣ አፈሙዙ ቁልቁል ይገፋል። በ1928 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የቶምሰን መሣሪያ ላይ የተገጠመው፣ በላዩ ስንጥቆች የነበሩት የካትስ መሣሪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር። በአገራችን በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ኤ.ኬ.ኤም ክላሽንኮቭም ከአፈሙዙ ጫፍ እንደ ሸምበቆ በሰያፍ የተቆረጠ ቁራጭ አለው። ከታች የቀረው ከንፈር ጋዙን ወደ ላይና ወደ ቀኝ ያወጣል፤ አፈሙዙም ወደ ታችና ወደ ግራ ይገፋል። በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው ጠመንጃው የሚሸሸው ወደ ላይና ወደ ቀኝ ነውና። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የተከተለው ኤ.ኬ. 74 ደግሞ ሁለቱን ሥራ አጣምሮ የሚሠራ ረዘም ያለ ፍሬን ይዞ ወጣ።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ወደ ጎንና ወደ ኋላ የዞረው ጋዝ ድምፁንም ይዞ ይዞራል። የጠመንጃ ድምፅ ያለ ፍሬንም ቢሆን ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ ለድንገተኛ ድምፅ የሚመከረው ወሰን ግን ለአዋቂ 140፣ ለሕፃናት 120 ዴሲቤል ነው። በዚህ ምክንያት በሠርግና በለቅሶ ላይ ከተኳሹ ጎን የሚቆሙ ልጆች ከፊት ለፊቱ ባይቆሙም ከጉዳት ነፃ አይደሉም። የጆሮ ውስጣዊ የስሜት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ስለማይተኩ፣ ይህን በትምህርቱ ጊዜ ማንሣት ተገቢ ይመስለናል።

ለክፍል ማሳያ ፊኛ ይበቃል። መምህሩ ቀለም ያለቀበትን የእስክሪብቶ ቱቦ በፊኛው አፍ አስገብቶ በላስቲክ ያስረዋል። አንዳንዱ ቱቦ በጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ስላለው በፕላስተር ይሸፈን። ፊኛው ተነፍቶ፣ በተወጠረ ሲባጎ ላይ በገባ ሌላ ቱቦ ስር ይጣበቃል፤ ሲለቀቅም በሲባጎው ላይ ይሮጣል። ይህ ፍሬን የሌለው ጠመንጃ ነው። ቀጥሎ የቱቦው ጫፍ በሻማ ሰም ይደፈንና መምህሩ ራሱ በጋለ ምስማር በግራና በቀኙ ሁለት እኩል ቀዳዳዎች ይበሳል። አየሩ እንደ በፊቱ ይወጣል፤ ፊኛው ግን ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም። በመጨረሻ ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ሲሸፈን የፊኛው አፍ ከክፍቱ ቀዳዳ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል፤ የክላሽንኮቩ ከንፈር የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ማድረግ የሚጠበቅባቸው ከዚህም ያነሰ ነው፤ በጠመንጃው ጥያቄ ውስጥ የባሩዱን መጠነ ቁስና የጋዙን ፍጥነት የሚሰጥ አንድ መስመር ጨምረው ተማሪው ሁለቱን መልሶች እንዲያነጻጽር መጠየቅ ይበቃል።