በሞያሌ ውሃ ፂም መላጨት

በኬንያዋ ሞያሌ ምላጭ የማይገኝበት ሱቅ የለም። ከክብሪቱና ከባትሪ ድንጋዩ ጎን፣ አምስት አምስት ፍሬ የያዙ ትናንሽ ፓኬቶች ተደርድረዋል። “ምላጭ” ያለም “ዌምቤ” ያለም ያንኑ ይገዛል፤ በብርም በሽልንግም ይከፍላል። ይህች ቀጭን ብረት ጥፍር ትቆርጣለች፣ ስፌት ትተረትራለች፣ እርሳስ ትቀርጻለች። ፂም የሚላጭባት ሰውም ብዙ ነው፤ ፊቱን ሳያቃጥል የሚላጭባት ግን ጥቂት ነው። ቆዳው ሲቀላና ሽፍታ ሲያወጣ ሁሉም ምላጩን ይወቅሳል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ምላጩ ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት የተሠራ ነው እላለሁ፤ ፂሙ በቂ ውሃ አልጠጣም።

ደረቅ ፂም እንደ መዳብ ሽቦ ጠንካራ ነው። ውሃ ሲገባው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥም የሚጠይቀው ጉልበት በብዙ ይቀንሳል። ነገር ግን ቆዳችን የሚያመነጨው ቅባት ፂሙን ስለሚሸፍነው፣ ውሃ ረጭቶ ወዲያው ምላጭ ማንሳት አያዋጣም። መጀመሪያ ፊትን በሳሙና ታጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ከዚያም ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። እነዚህን ደቂቃዎች የሚዘል ሰው የቱንም ያህል ውድ መላጫ ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ።

ፂም ምላጩንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ፀጉር የምላጩን ስል ጠርዝ እንዴት እንደሚሸርፈው አሳይተዋል። ምላጭ የሚደንዘው ቀስ በቀስ እየተፋቀ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ በጥቃቅኑ እየተሸረፈም ነው። በእኔ ግምት ሁለቴ ከተላጩ በኋላ መጎተት የጀመረን ምላጭ ለሦስተኛ ጊዜ ማስገደድ በጥቂት ሽልንግ ቁጠባ ቆዳን መቅጣት ነው።

ሞያሌ ላይ ግን ውሃውም ራሱ ነገር አለው። ከተማዋ ውሃ በጀሪካን እየተገዛ የሚጠጣባት ናት። ዝናቡ በዓመት ሁለት ወቅት ነው፤ ቦረናዎች ጋና የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀጋያ የሚሉት ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። በመካከሉ ሰው የጉድጓድ ውሃ ላይ ይወድቃል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዢየም ይበዛበታል፤ እነዚህ ከሳሙናው ጋር ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ስለሚሠሩ፣ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን በትንሽ ሳሙና ወፍራም አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ጥቂት የዝናብ ውሃ ያለው ሰው ለፂሙ ቢያስቀምጠው አይቆጨውም። ከሌለው የጉድጓዱን ውሃ አፍልቶ እስኪዘቅጥ መተው ይረዳል፤ ከማዕድኑ ከፊሉ ድስቱ ግርጌ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ መላጨት አንድ ሊትር ይበቃል። ግማሹ ለፎጣውና ለአረፋው፣ ግማሹ መላጫውን ለማለቅለቅና በመጨረሻ ፊትን ለመታጠብ ነው።

ይህች ሁለት ስል ያላት ምላጭ የመጣችው ከአንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ሐሳብ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የጠርሙስ ቆርኪ ይሸጥ ነበር። ቆርኪው አንዴ አገልግሎ ሲጣል እያየ፣ ምላጭም እንዲሁ ቢሆንስ ብሎ በ1895 አሰበ። በዚያ ዘመን ሰው የሚላጨው በየጊዜው በቆዳ ቀበቶ ላይ በሚሳል ረጅም ካራ ነበር። ቀጭን ብረት አጠንክሮ መሳል አይሆንም ያሉት ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ፤ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ግን ዘዴውን አገኘለት። በ1903 የተሸጡት መላጫዎች 51፣ ምላጮቹ 168 ብቻ ነበሩ። በዓመቱ የመላጫዎቹ ቁጥር ከ90 ሺህ አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ ሲገዛ ደግሞ፣ በቤት መላጨትን የለመደ አንድ ትውልድ ከግንባር ተመለሰ።

ምላጯ የምትገባበትን የብረት መላጫ ቀረብ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው። ከላይ ጎበጥ ያለ ክዳን፣ ከታች ጥርሳም ወይም ለስላሳ ከንፈር ያለው መደብ፣ ከዚያ እጀታ። እጀታው ሲጠበቅ ክዳኑ ምላጯን በመደቡ ላይ ያጎብጣታል፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ የምትወፍረው ብረት በዚህ ትጠነክራለች፣ አትንቀጠቀጥም። የመደቡ ከንፈር ቆዳውን ቀድሞ ይለጥጠዋል፤ ስሉም በጥቂቱ ብቻ ብቅ ይላል። በባዶ ምላጭ ወይም ፀጉር ቤት እንደሚደረገው ለሁለት በተሰበረ ምላጭ ራስን መላጨት ይህን ጥበቃ ሁሉ መተው ነው። የፀጉር አስተካካዩ እጅ ዓመታት ለምዶታል፤ መስታወት ፊት የቆመ ሰው እጅ አልለመደውም።

አረፋው ከተቀባ በኋላ መላጫው ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ተዘንብሎ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጫን የለም። አጫጭር እርምጃ፣ በየሁለቱ ማለቅለቅ። ጉንጭ ላይ ፂም በአብዛኛው ወደ ታች ያድጋል፤ አንገት ላይ ግን ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚዞር፣ ሳይላጩ በፊት በጣት ዳብሶ አቅጣጫውን ማወቅ ይገባል። ፂሙ በተኛበት አቅጣጫ መሄድ እንጂ በተቃራኒው መጎተት ለእኛ አይሆንም። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ከቆዳው በታች ድረስ ሲቆረጥ ስል ጫፉ ተጠቅልሎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ አገጭ ሥርና አንገት ላይ የሚወጣው የሚያሳክክ እብጠት ከዚህ የሚመጣ ነው።

ባለ ሁለት ምላጩ መላጫ በ1971 ገበያ ላይ ሲወጣ፣ የፊተኛው ፀጉሩን ስቦ የኋለኛው ከሥሩ እንዲቆርጥ ነበር የታሰበው። ዛሬ ባለ አምስት አለ። ለቀጥ ያለ ፀጉር ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለጥቅልል ፂም ግን ችግሩን ማባዛት ነው። የሞያሌ ሱቅ ርካሽ ምላጭ፣ በደንብ በራሰ ፂም ላይ፣ ከውዱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ፊቱ እንደ መስታወት እንዲለሰልስ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ሻካራነት ቢተው ሽፍታው ይቀርለታል።

ዘመድ ሞቶበት እስከ አርባው ወይም እስከ ሙት ዓመቱ ሳይላጭ የከረመ ሰው ደግሞ በምላጭ አይጀምር። ረጅሙን ፂም በመቀስ አሳጥሮ፣ ከዚያ ማራስ ነው። ፂማቸውን የሚያሳድጉ የከተማዋ ሙስሊሞችም ጉንጫቸውንና አንገታቸውን ሲያስተካክሉ ይኸው ሥርዓት ይሠራላቸዋል።

በአንድ ጉዳይ ግን ዋዛ የለም። ምላጭ ለወንድምም አይዋስም። ጉምሩክ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች በመኪናው የጎን መስታወት ሲላጩ አንዱን ምላጭ ሲቀባበሉ ማየት ያሳስበኛል። ኤች አይ ቪን ሁሉም ያስባል፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ከሰው አካል ውጭ በደረቀ ደም ላይ 7 ቀን ሊቆይ እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ነው። አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው ነው።

ተላጭቶ ሲያበቃ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ በፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። አልኮል የሚያቃጥለው ቆዳው ስለተጎዳ ነው፤ ማቃጠሉ የመዳን ምልክት አይደለም። መላጫው ተፈትቶ፣ ውሃው ተራግፎ፣ በአየር ይድረቅ። ያለቀ ምላጭም ፍየል ቆሻሻ ላይ በሚሰማራበት፣ ልጅ ባዶ እግሩን በሚሮጥበት ከተማ እንዲሁ አይጣልም። የባዶ ዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን በቢላዋ ሰንጥቆ በስንጥቁ መክተት፣ ሲሞላም ስንጥቁን በመዶሻ ደፍኖ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ነው።