ለሳሎናችን ስንት ኢንች ይበቃል? ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት የምንለካው

ከሐሮ ወንጪ ድንች ወይም ገብስ ሸጦ ቴሌቪዥን ሊገዛ ወደ አምቦ የወረደ አባወራ ሱቅ ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ «ስንት ኢንች ይፈልጋሉ?» የሚል ነው። ቤቱ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ሱቁ ሰፊ ነው፤ 55 ኢንቹ ከ75 ኢንቹ ጎን ሲቆም ትንሽ ይመስላል። ትልቅነቱ የሚታወቀው ሦስት በአራት የሆነ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። ያኔ ደግሞ ብሩ ወጥቷል።

በመጀመሪያ ኢንቹ ምን እንደሚለካ እንወቅ። ከስክሪኑ አንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ያለው ርቀት ነው እንጂ የጎን ስፋቱ አይደለም። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 43 ኢንች በሰያፍ 109 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የጎን ስፋቱ 95፣ ቁመቱ ደግሞ 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጀርባው የተነፋው የድሮው 21 ኢንች ቴሌቪዥን ስክሪን ወደ ካሬ የተጠጋ ስለነበር ምስሉ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው። እሱን ጥሎ 24 ኢንች ጠፍጣፋ የገዛ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያገኛል፤ ቁጥሩ ጨምሮ የሰዉ ፊት አነሰ ማለት ነው።

ርቀቱን ለማስላት ቀላል መንገድ አለ። ከምትቀመጡበት ቦታ፣ ከዓይናችሁ ጀምሮ ስክሪኑ እስከሚቆምበት ድረስ በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ከዚያ ለ5 አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ዓይን ሳይደክም የሚታየው ኢንች ነው። 160 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 32 ኢንች፣ 215 ከሆነ 43፣ 275 ከሆነ 55፣ 325 ከሆነ 65 ኢንች ይሆናል። ጥራቱ ከፍ ያለ ፎር ኬ ምስል የሚያይ ሰው ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም። በሳተላይት የሚመጣው ጣቢያ ሁሉ ግን ጥራቱ እኩል አይደለም፤ ደብዛዛውን ምስል ትልቅ ስክሪን ይበልጥ ያጎላዋል።

ግድግዳ ለግድግዳ መለካት አያዋጣም። ክፍሉ 3 ሜትር ቢሆን የሚደገፍ ሰው ዓይን ከኋላው ግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ነው፤ ቡፌው ደግሞ ከፊት ለፊት 40 ይወስዳል። የቀረው 230 ነው። ለ5 ሲካፈል 46 ይመጣል፤ ስለዚህ 43 ኢንች በቂ ነው። የ55ቱን ብር ማትረፍ ይቻላል።

ከፍታው ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። መጅሊስ ላይ ወይም ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሶፋ ላይ ከሆነ 110 ይደርሳል። የስክሪኑ መሐል እዚያ ከፍታ አካባቢ መሆን አለበት። እኛ ግን እንደ ሰዓት ከበሩ በላይ እንሰቅለዋለን። በረመዷን ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ተራዊሕ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ሰዓት የተከታተለ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ሳሎናችሁ ውስጥ የምትሰግዱ ከሆነም በአገራችን ቂብላው ወደ ሰሜን ስለሆነ የሰሜኑን ግድግዳ ለቴሌቪዥን አትስጡት። መስኮት ፊት ለፊት ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ቀን ላይ የምታዩት የራሳችሁን ጥላ ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ብሎኑ ቋሚው እንጨት ላይ ይግባ፤ ጭቃው ብቻ አይችለውም። ቡፌ ላይ የሚቆመውንም ከኋላው በገመድ እሰሩት፤ ሕፃን ጎትቶት ይወድቅበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «ልጁ እዚያው ስክሪኑ ሥር ካልተቀመጠ አያይም፤ ትልቅ እንግዛለት» የሚሉ ወላጆች አሉ። ቀርቦ ማየት ዓይን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት ከድሮ የመጣ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ያመረታቸው ባለ ቀለም ቴሌቪዥኖች ከሚፈቀደው በላይ ኤክስሬይ ሲያፈሱ ተገኝተው ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ይህን አያደርግም። ቀርቦ ማየት ዓይንን ያደክማል እንጂ አያጠፋም። ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው፦ ልጁ ለምን ቀረበ? ልማድ ሊሆን ይችላል። የሩቁ እየደበዘዘበት ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውም አይታየውም፤ «አይገባውም» ወይም «ሰነፍ ነው» እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። ትልቁ ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ ችግሩን ይሸፍነዋል። የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ግን አብሮ አያድግም።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ማንበብ የሚችለውን ልጅ እናንተ ከምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት። አንድ ዓይኑን በእጁ እየሸፈነ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ያንብብላችሁ፤ ከዚያ ሌላውን ዓይን ይሸፍን። እናንተ የምታነቡትን እሱ ካላነበበ፣ ወይም በአንዱ ዓይን አንብቦ በሌላው ከተቸገረ፣ ብሩ በቅድሚያ ለዓይን ምርመራና ለመነጽር ይዋል። ማንበብ ያልጀመረውን ደግሞ ከሩቅ ሥዕል እያሳያችሁ ጠይቁት። ከሁለት ዓመት በታች ላለው ሕፃን የኢንች ጥያቄ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

የልጁ ዓይን ደህና ከሆነ አንድ ካርቶን 95 በ54 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና ቴሌቪዥኑ በሚቆምበት ቦታ ለጥፉት። 43 ኢንች ያን ያህል ነው። ሁለት ቀን ከመጅሊሳችሁ ሆናችሁ እዩት፤ ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑን ካርቶኑ ይነግራችኋል።