መሪው ለአንዱ፣ ፍጥነቱ ለሌላው፤ አደጋው ለሁለቱም

በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ይከታተል የነበረ ሁሉ ዊምብልደንን አይረሳም። በረጃጅም ኳሶችና በእነ ቪኒ ጆንስ ጉልበት ትልልቆቹን ያስጨንቅ የነበረው ይህ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሁለት የኖርዌይ ባለሀብቶች ተሸጠ። ከሁለቱ አንዱ ቢዮርን ሩነ የልስተን ነው። ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ2000 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ሰውዬው ግን ብዙው የኳስ ደጋፊ ስሙን እንኳ በማያውቀው ሌላ ስፖርት በ1998፣ በ2002፣ በ2003፣ በ2004 እና በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ስፖርቱ የባህር ላይ የፈጣን ሞተር ጀልባ ውድድር ነው።

አምስቱም ዋንጫዎች ታዲያ የብቻው አይደሉም። ከጎኑ እንግሊዛዊው ስቲቭ ከርቲስ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ «ክላስ ዋን» በሚባለው ከፍተኛው ደረጃ አንድ ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይይዛል፤ ሌላው ነዳጅ ይሰጣል፣ ይቀንሳል። ጀልባው ከ12 እስከ 14 ሜትር ይረዝማል፣ አምስት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ሞተር ተሸክሞም በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ይበራል ማለት ለወጉ አይደለም፤ ማዕበል ሲያነሳው እውነትም አየር ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ፕሮፔለሩ ውኃ አጥቶ በባዶ ይሽከረከራል። ነዳጅ የያዘው ሰው ቶሎ ካልቀነሰ ማሽኑ ይሰበራል፤ ቶሎ ካልመለሰ ደግሞ ተቀናቃኙ ጥሎት ይሄዳል። የልስተን መሪውን፣ ከርቲስ ነዳጁን ይዘው ነው አምስት ጊዜ የነገሡት። ከርቲስ ከሌሎች ጋር ያገኘው ሲደመር የዓለም ዋንጫው ስምንት ደርሷል።

ለኳስ ፊፋ እንዳለ ሁሉ ለዚህ ስፖርትም ዩ አይ ኤም የሚባል የበላይ አካል አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን መቀመጫው ሞናኮ ነው። የጀልባውን ክብደት፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የአነሳሱን ሥርዓት፣ የነጥቡን አሰጣጥ የሚወስነው እሱ ነው። የዓለም ሻምፒዮና መስጠት የተጀመረው በ1964 ሲሆን ዋንጫው በአሜሪካዊው ሳም ግሪፊዝ ስም ተሰይሟል። ግሪፊዝ በ1956 ከማያሚ ናሶ የተካሄደውን የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው።

ሻምፒዮን የሚለይበት ደንብም ተቀያይሯል። መጀመሪያ እንደ ሊግ በየአገሩ ነጥብ እየተሰበሰበ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ለዓመታት ግን እንደ ዋንጫ ጨዋታ ሆነና ዓመቱን ሙሉ የለፋ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ እዚያው ይለይለት ጀመር። በ1977 ኪ ዌስት ላይ ዋንጫውን የወሰደችው ቤቲ ኩክ የምትባል አሜሪካዊት ናት። የወንድ የሴት ተብሎ የተለየ ዋንጫ የለም፤ ወንዶቹን በወንዶቹ ባህር ላይ አሸንፋ፣ በ1979 ደግማዋለች።

ዛሬ ሁሉም ግድ የሚላቸው የደኅንነት ደንቦች ግን በቢሮ ውስጥ ብቻ የተወለዱ አይደሉም። ፈረንሳዊው ዲዲየር ፒሮኒ በ1982 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮናን በአምስት ነጥብ ልዩነት ያጣ የፌራሪ አሽከርካሪ ነበር። በዚያው ዓመት ሆክንሃይም ላይ እግሮቹ ተሰባብረው ከመኪና ውድድር ራቀ፤ ፍጥነት ግን አልለቀቀውምና ወደ ባህር ወረደ። ነሐሴ 1987 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት አጠገብ ጀልባው ከነዳጅ ጫኝ መርከብ የተነሳ ማዕበል ላይ ወጥቶ ተገለበጠ። ፒሮኒና ሁለቱ ባልደረቦቹ በርናር ዢሩና ዣን ክሎድ ጌናር ሞቱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የባሰው መጣ። የሞናኮዋ ልዕልት ካሮሊን ባል ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ካሲራጊ በ1989 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት 3 ቀን 1990 ዋንጫውን ለማስጠበቅ የወጣው ሞናኮ፣ ማለትም በገዛ ቤቱ ደጃፍ ነበር። ጀልባው ክፍት ነበር። ማዕበል መትቶ ገለበጠው። ባልደረባው ፓትሪስ ኢኖቼንቲ ተረፈ፤ የ30 ዓመቱ ካሲራጊ ግን ሦስት ትንንሽ ልጆች ጥሎ እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለም። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች በጠንካራ ሽፋን ውስጥ፣ በቀበቶ ታስረው እንዲቀመጡ ግዴታ ሆነ። ሽፋኑ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በአሜሪካ አንዳንዶች ቀድመው የኤፍ 16 ተዋጊ ጄት ሽፋን ይገጥሙ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚያ ፍጥነት ተወርውሮ የወደቀን ሰው ውኃው እንደ አስፋልት ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ታስሮ መቀመጥ ያድናል። ጀልባው ተገልብጦ ከቀረ ግን ያ ያዳነው ሽፋን ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ለዚህ ነው ጀልባው ሲገለበጥ መውጫ የሚሆን በር ከሥሩ የሚሠራለት፣ ውስጥም የአየር ጠርሙስ የሚቀመጠው።

የልስተንና ከርቲስ አምስቴ ሲነግሡ ካሲራጊ ያላገኘው ሽፋን ከላያቸው ነበር። ያም ሆኖ ደንብ ባህርን አያስርም። በ1993 የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የበላው የዱባዩ ቪክትሪ ቲም ታኅሣሥ 2009 በገዛ ከተማው ውድድር ላይ ሞሐመድ አል መሃይሪንና ፈረንሳዊውን ዣን ማርክ ሳንቼዝን በአንድ ቀን አጥቷል። ጀልባቸው ሽፋን ነበረው። ቀበቶም ነበራቸው።

ለዚህም ነው በዚህ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን መባል የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ባህር ላይ ያልሆነው። ገንዳ ውስጥ ነው። እንደ ጀልባው በተሠራ መቀመጫ ላይ ይታሰራል፣ ከነመቀመጫው ውኃ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ ቀበቶውን ፈትቶ፣ መውጫውን በእጁ ዳስሶ ራሱ መውጣት አለበት። መውጣት ያቃተው፣ ገንዘቡ ክለብ የሚገዛ ቢሆን እንኳ፣ መሪውንም ነዳጁንም አይነካም።