መርፌ ከማንሳታችን በፊት፦ በመንጋጋ መገጣጠሚያ ስለሚወጡ የደም ሥር ዕጢዎች

ታካሚ መጥቶ «አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር ቋ ይላል፣ ያመኛል» ሲለን ቶሎ የምናስበው የጡንቻ መወጠርን ወይም የዲስክ መንሸራተትን ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነን። እኔ ግን ልክ ያልሆንኩበትን አንድ ቀን ላጫውታችሁ።

ክሊኒክ ተመድቤ ሳለሁ አንዲት እናት ከጆሯቸው ፊት ለፊት ለስለስ ያለ እብጠት ይዘው መጡ። አፋቸው እንደ ልብ አይከፈትም። እኔም መግል መስሎኝ በመርፌ ልቀዳው ተዘጋጀሁ። አስተማሪያችን «ቆይ እስቲ! ትኩሳት አላቸው? ቆዳው ቀልቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም አላየሁም ነበር። ወደ ታካሚዋ ዞረው «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ጎንበስ ይበሉ» አሏቸው። ጎንበስ ሲሉ እብጠቱ ዓይናችን እያየ ሞላ፤ ቀና ሲሉ ጎደለ። መግል እንዲህ አያደርግም። ኋላ ኤም.አር.አይ ሲነሱ መገጣጠሚያውን የከበበ የደም መልስ ሥሮች ጥርቅም መሆኑ ታወቀ።

እንዲህ ያለውን ሁሉ «ሄማንጂዮማ» ማለት ለምዶብናል። ነገር ግን ሙሊከን እና ግሎዋኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ቦታ ከፍለውታል። ሄማንጂዮማ ሴሎቹ የሚራቡ እውነተኛ ዕጢ ነው፤ ሌላው ግን ከተፈጥሮ የተዛባ የደም ሥር አሠራር ነው። የእኚህ እናት ሁለተኛው ነበር። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ ከ2008 ጀምሮ የሕፃናት ሄማንጂዮማ በፕሮፕራኖሎል ይታከማል፣ የተዛባ የደም ሥር ግን በዚህ መድኃኒት አይጠፋም። ከመገጣጠሚያ ሽፋን የሚነሳው ሲኖቪያል ሄማንጂዮማ ደግሞ በአብዛኛው ጉልበት ላይ ይገኛል፤ መንጋጋ ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

ታዲያ ምን እንፈልግ? በራጅ ላይ ክብ ክብ ጠጠሮች ከታዩ የረጋ ደም ጠጥሮ ሊሆን ይችላል። በኤም.አር.አይ ቲ-2 ምስል ላይ ደግሞ ደምቆ ይታያል። ሕክምናው እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ይለያያል፦ ክትትል፣ ደም ሥሩን የሚያደርቅ መድኃኒት መውጋት፣ የሚመግበውን ሥር መድፈን ወይም ቀዶ ጥገና።

ጓደኞቼ፣ ከመንጋጋ አንገት በስተጀርባ ውጫዊው ካሮቲድ ለሁለት እንደሚከፈል፣ የፊት ነርቭም በቅርቡ እንደሚያልፍ በአናቶሚ ተምረናል። እዚያ ቦታ ሳያጣሩ መውጋት ወይም ናሙና መቁረጥ ለማቆም የሚያስቸግር መድማት ሊያመጣ ይችላል። «ካንሰር አይደለም» ማለት «አያሰጋም» ማለት አይደለም። እኔ ዛሬም መርፌ ከማንሳቴ በፊት «እስቲ ጎንበስ ይበሉ» እላለሁ።