ኰረብታ፣ የድንጋይ ካባና ብስክሌት
ከአንድ የቤልጅየም ገጠር የምንማረው

ስለ መልክዓ ምድር ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ከካርታ ነው። ካርታ የቦታን ስፋትና አቅጣጫ በሚገባ ያሳያል። አቀበት በእግርና በሳንባ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና ግን አያሳይም። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው እግረኛውና ብስክሌት ነጂው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጠባብ አካባቢ መርጠን፣ በዚያ የሚያልፉትን የብስክሌት መንገዶች እየተከተልን፣ ጂኦግራፊን፣ ፊዚክስንና የሰውን ድካም በአንድነት ለመመልከት እንሞክራለን። የመረጥነው አካባቢ በምዕራብ ቤልጅየም፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የዋሎንያ ክፍልና ደች ተናጋሪው ፍላንደርስ የሚዋሰኑበት ገጠር ነው።

፩. የአካባቢው አቀማመጥ

ሌሲን ከብራስልስ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። መካከሏን አቋርጦ የሚያልፈው ዴንደር ወንዝ ወደ ሰሜን ይፈስና ጌራርድስበርገን የተባለችውን ከተማ ነክቶ በመጨረሻ ስኬልት ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በወንዙ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ በመሆኑ ለጀማሪ ነጂ ይመቻል። ከወንዙ ወደ ምዕራብ በተራመድን ቁጥር ግን ኰረብታዎች ይጀምራሉ። ኤልዜል፣ ፍሎቤክ፣ ሮንሰ የሚባሉት መንደሮችና ከተሞች የሚገኙት በእነዚህ ኰረብታዎች ሥርና ጥግ ነው።

ለደጋ አገር ሰው የእነዚህ ኰረብታዎች ቁመት ሊያስገርመው ይችላል። ፖተልበርግ የሚባለው ከባሕር ወለል በላይ 157 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከብዙዎቹ ከተሞቻችን ጋር ሲወዳደር ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ያህል ነው። ሆኖም ብስክሌት ነጂን የሚያደክመው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ሳይሆን የአቀበቱ ተዳፋት ነው። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ አጭር አቀበት ረጅሙን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈትን ይችላል።

፪. ድንጋዩ ከየት መጣ?

ኰረብታዎቹ በአብዛኛው የጥንት ባሕር ትቶት የሄደው አሸዋና ሸክላ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ብረት ያያዘው የአሸዋ ድንጋይ ስለ ተጋገረ፣ ዝናብና ወንዝ ዙሪያውን ሲሸረሽሩት እነርሱ ቆመው ቀሩ። ጠንካራው ድንጋይ የሚገኘው ግን ኰረብታው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በወንዙ አካባቢ ነው። ዴንደር ለስላሳውን አፈር እየቦረቦረ ሲወርድ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀልጦ ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ የተገፋና ቀዝቅዞ የደረቀ አለት ከመሬት ገጽ አጠገብ እንዲገኝ አደረገ። ይህ አለት ፖርፊር ይባላል። የሌሲን የድንጋይ ካባዎች የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በኬናስት የሚገኘውም ካባ የዚሁ ዓይነት ድንጋይ የሚወጣበት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ጠንካራ የመንገድ ድንጋይ በብዛት ተፈለገ። ሠራተኞች አለቱን በባሩድ እያፈነዱ፣ በመዶሻ እየፈለጡ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየጠረቡ ዛሬ እኛ ኮብልስቶን የምንለውን ዓይነት ድንጋይ ያዘጋጁ ነበር። ከእነዚህ ካባዎች የወጣው ጥርብ ድንጋይ በፍላንደርስ መንገዶች ላይ በስፋት ተነጥፏል፤ ከቤልጅየም ውጭም ተልኳል። ከካባው ሸለቆ ተነሥቶ አቀበቱን የወጣው መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎም ብስክሌቱ ነው ማለት ይቻላል። በዛሬው ጊዜ ከካባዎቹ የሚወጣው በአብዛኛው ለባቡር ሐዲድ ሥርና ለኮንክሪት የሚያገለግል የተፈጨ ጠጠር ነው። ሥራ ካቆሙት አሮጌ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ውሃ ሞልቷቸው ሐይቅ መስለዋል።

፫. የተናቀው መንገድ እንዴት ተከበረ?

የፍላንደርስ ዙር ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። በዚያን ጊዜ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ የተለመደ ስለ ነበር ማንም እንደ ልዩ ነገር አይቆጥረውም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንገዶቹ በአስፋልት መሸፈን ሲጀምሩ ግን የውድድሩ አዘጋጆች አስፋልት ያልደረሰባቸውን የገጠር አቀበቶች እየፈለጉ በመስመሩ ውስጥ ማስገባት ያዙ። አውደ ክዋረሞንት፣ ፓተርበርግና ኮፐንበርግ የሚባሉት ስሞች በዓለም የታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ኮፐንበርግ እጅግ ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ዴንማርካዊ ተወዳዳሪ በአቀበቱ ላይ ሲወድቅ የውድድሩ ኃላፊ መኪና ብስክሌቱን ረግጦ አለፈ። ከዚያ በኋላ አቀበቱ እስከ 2002 ድረስ ከውድድሩ ወጥቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከእነዚህ የድንጋይ መንገዶች ታዋቂዎቹ እንደ ቅርስ ተቆጥረው በሕግ እንዲጠበቁ ተደረገ። ለጋሪና ለከብት የተነጠፈ የገበሬ መንገድ፣ እንደ ቤተ መቅደስና እንደ ግንብ ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛም አካባቢ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2022 የአስመራው ተወላጅ ቢንያም ግርማይ ጌንት–ዌቨልገም የተባለውን ውድድር አሸነፈ። ይህ ውድድር በድንጋይ የተነጠፈውን የኬመልበርግ አቀበት የሚያካትት ነው። ቢንያም ከሦስት ተፎካካሪዎች ጋር ከሌሎቹ ተነጥሎ በመጨረሻው ሩጫ ቀደማቸው፤ ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊም ሆነ። በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል። ከእርሱ ቀደም ብሎም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በዚሁ የፈረንሳይ ዙር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

፬. ከማዕድን ጉድጓድ የተወሰደ ዘዴ

ወደዚህ አገር የሄደ እንግዳ መንገዱን እንዴት ይለያል? ችግሩ ቀላል አይደለም፤ የቋንቋ ድንበር በመኖሩ አንዲቱ ከተማ ሁለት ስም አላት። በደች ጌራርድስበርገን የተባለችው በፈረንሳይኛ ግራሞን ናት፤ ሮንሰም ረኔ ትባላለች።

መፍትሔው የተገኘው በቤልጅየም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሊምቡርግ ነው። ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ፣ በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መተላለፊያዎች የሚገናኙባቸው ቦታዎች በቁጥር እንደሚለዩ ያውቅ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ ወደ ምድር ገጽ አውጥቶ የብስክሌት መንገዶች የሚገናኙበትን እያንዳንዱን መስቀለኛ ቦታ በቁጥር እንዲሰየም አደረገ። የመጀመሪያው መረብ በ1995 ሥራ ላይ ዋለ። ነጂው ከቤቱ ሳይወጣ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ በየመገናኛው የሚቀጥለውን ቁጥር የሚያመለክተውን ቀስት ይከተላል። ዘዴው ቆየት ብሎ ሌሲንና አካባቢዋ ወደሚገኙበት ወደ ምዕራብ ዋሎንያም ደርሷል። ቁጥር ትርጉም አያሻውምና የቋንቋ ድንበሩን ያለ ችግር ይሻገራል።

፭. አቀበትን በቁጥር

ተዳፋት የሚለካው በመቶኛ ነው። በአግድም 100 ሜትር ስንሄድ 10 ሜትር ከፍ ካልን ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው እንላለን። ሦስቱን አቀበቶች እናወዳድር። አውደ ክዋረሞንት 2,200 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ አማካይ ተዳፋቱ 4 በመቶ ነው። ኮፐንበርግ 600 ሜትር ያህል ሲሆን አማካዩ 11.6 በመቶ፣ ከባዱ ቦታ ደግሞ 22 በመቶ ይደርሳል። ፓተርበርግ 360 ሜትር ብቻ ነው፤ አማካዩ ግን 12.9 በመቶ ነው።

የፓተርበርግን ከፍታ ለማግኘት 360ን በ0.129 ብናበዛ 46 ሜትር ያህል ይሆናል። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ክብደትን ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ 80 × 9.8 × 46 = 36,064 ጁል ነው። ይህን በ2 ደቂቃ ለመጨረስ 300 ዋት ኃይል ይጠይቃል፤ በ6 ደቂቃ ከሆነ 100 ዋት ይበቃል። ሥራው አንድ ነው፤ የሚለያየው ጊዜው ነው። ተማሪዎች ሥራንና ኃይልን እንዳያምታቱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የማርሽም ጥቅም ከዚሁ ይመነጫል። ከፔዳሉ ጋር ያለው ክብ 50 ጥርስ፣ የኋላው 25 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሁለቱም 34 ጥርስ ከሆኑ ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው የምንጓዘው ርቀት በግማሽ ያንሳል፤ በፔዳሉ ላይ የሚያስፈልገው ግፊትም እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል። በድንጋይ ላይ ደግሞ ንዝረቱ የነጂውን ጉልበት ስለሚበላ፣ ልምድ ያላቸው ነጂዎች ሰፋ ያለ ጎማ መርጠው ነፋሱን መጠነኛ ያደርጉታል።

፮. ስለ ጥንቃቄ

የካባ አካባቢ ለመናፈስ ብቻ የሚታይ ቦታ አይደለም። ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪናዎች በጠባብ መንገድ ይመላለሳሉ፤ የረገፈ ጠጠር በመታጠፊያ ላይ ጎማ ያንሸራትታል፤ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ዳሩ ገደል ነው። እርጥብ ጥርብ ድንጋይ ላይ ፍሬን በድንገት መያዝ ለመውደቅ መዘጋጀት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩን የጠረበውን ሰው መርሳት አይገባም። ሲሊካ ያለበት የድንጋይ አቧራ ለብዙ ዓመታት ሲሳብ ሳንባን የሚያጠነክር፣ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን በሽታ ያመጣል። ፍንጣሪውም ዓይን ያጠፋል። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች ኮብልስቶን የሚጠርቡ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የተማሪዎቻችን ወንድሞችና እኅቶች ይገኙባቸዋል። መነጽር ማድረግ፣ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን፣ ድንጋዩን ውሃ እያርከፈከፉ መሥራት ጤናን ይጠብቃል። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ቢናገሩት ቤት ድረስ ይሄዳል።

፯. ለክፍል ሥራ

ከዚህ በላይ የተባለውን በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ለመሞከር ብስክሌት እንኳ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ማስመሪያ ይበቃል። የጣውላውን አንድ ጫፍ በአቀበቱ ላይ አሳርፉ፤ ውሃ ልኩ አግድም መሆኑን እስኪያሳይ ሌላውን ጫፍ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ከፍ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለኩ። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የተገኘው ቁጥር ራሱ የተዳፋቱ መቶኛ ነው። በአሥር ልዩ ልዩ ቦታዎች ለክታችሁ አማካዩን አውጡ።

ቀጥሎም ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያደርሱትን መንገዶች መገናኛዎች በቁጥር እየሰየማችሁ ካርታ ሥሩ። ከቤቱ እስከ ክፍሉ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች እያንዳንዱ ተማሪ ይጻፍ፤ የትኛው መንገድ አጭር፣ የትኛው ቀላል፣ የትኛው ከመኪና አደጋ የራቀ እንደሆነ ተወያዩበት። አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ቀላሉ፣ ቀላሉም ሁልጊዜ ደኅናው አለመሆኑን ተማሪዎቹ በራሳቸው ልኬት ይደርሱበታል።